በልክ የተሰፋ በርገር

[ወጥ ቤት። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው በመስኮት ነው የሚያወራው። ጠረጴዛው ላይ በጎድጓዳ ሳህን የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ክብ ክብ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተደርድሯል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለት መርፌ ደረቱ ላይ እንደተሰካ ነው በርገር ሊሠራ የገባው። አጠገቡ ያለው የሟች ሚስቱ ወንድም፣ ግንበኛ ነው። ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ቆቡንም ከራሱ አያወርድም። አሁን እጁን እስከ አንጓው ሥጋው ውስጥ ከቷል።]

ልብስ ሰፊው፦ አውጣ! እጅህን አውጣ አልኩህ!

ግንበኛው፦ እያሸሁ ነዋ።

ልብስ ሰፊው፦ ማን እሸው አለህ?

ግንበኛው፦ ካልታሸ እንዴት ይይዛል? አሸዋና ሲሚንቶ እንኳ በደንብ ካልተላወሰ ግድግዳው ሳምንት አይቆይም።

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ሰውዬ፣ የምንበላውን ነው ወይስ የምንኖርበትን ነው የምትሠራው? ስማኝ፤ የሱፍ ጨርቅ አሽተህ አሽተህ ብታጥበው ምን ይሆናል?

ግንበኛው፦ ይነጻል።

ልብስ ሰፊው፦ ይጠጥራል! እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ይላል! ሥጋም እንደዚያው ነው። ሰብሰብ፣ ድብልብል፣ አለቀ። ጫጩት እንደያዝክ ቁጠረው።

ግንበኛው፦ እንዲህ?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ተወው፣ ራሴ እሠራዋለሁ። ባንተ እጅ ጫጩቷም አትተርፍም።

[ግንበኛው እጁን ታጠበና ወደ ጥግ ዞረ። ቆቡን አውልቆ ውስጡን አየት አደረገና መልሶ አጠለቀው።]

ልብስ ሰፊው፦ ቆብህ ውስጥ ምን አለ?

ግንበኛው፦ ላብ።

ልብስ ሰፊው፦ ከሥጋው ፈቀቅ በላ!

ግንበኛው፦ እሺ። እኔን ግን ያሳሰበኝ ጮማው ነው። ይሄን ነጭ ነጩን ለቅመን ብንጥለውስ? ቀይ ቀዩ ብቻ ሲቀር ነው የሚያምረው።

ልብስ ሰፊው፦ ምን? ወዙ ከየት ሊመጣ ነው ታዲያ፣ ከቧንቧ? ገበር የሌለው ኮት ለብሰህ ታውቃለህ? ጮማ የሥጋ ገበር ነው!

ግንበኛው፦ ኮት ለብሼ አላውቅም።

ልብስ ሰፊው፦ ለሠርጌ የሰፋሁልህስ?

ግንበኛው፦ እሱማ አልገባኝም። ክንዴን አንቆ ያዘኝ።

ልብስ ሰፊው፦ በልክህ ነው የሰፋሁት!

ግንበኛው፦ መቼ ለካኸኝ? «አይቼ አውቀዋለሁ» አልከኝ እንጂ።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲህ ዛሬ የሠላሳ ዓመት ኮት አታውጣብኝ! ዛሬ ቀልድ የለም። ልጅቷ ለምሳ እየመጣች ነው። በስልክ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «አባዬ፣ ከዛሬ በኋላ እሁድ እሁድ ምግብ ቤት ብንገናኝ ይሻላል፤ አንተም አትድከም።» አትድከም! ሽማግሌ አደረገችኝ እኮ!

ግንበኛው፦ ስልሳ ሦስት አይደለህ እንዴ?

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት! [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እህትህ ካረፈች ወዲህ ይሄ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ልጅቷ ትመጣና ጫማዋን በሩ ላይ ወርውራ «ራበኝ!» ስትል ያኔ ቤት ቤት ይሸተኛል። ምግብ ቤት ከሆነ ምን አለ? አንድ ሰዓት ትቀመጥና ቦርሳዋን አንስታ መሄድ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ መጥቼ ከልብስ መስፊያው ጋር ላወራ ነው።

[ሽንኩርቱን ወደ ራሱ ሳበና መክተፍ ጀመረ፤ ሽንኩርት እንዲህ ላለው ጊዜ ጥሩ ነው፣ ማንም ምን ሆንክ አይልህም።]

ግንበኛው፦ ያለፈው እሁድ በርገር ምን ሆኖ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ምን ይሆናል? ትንሽ ደረቅ አለ።

ግንበኛው፦ የኔን ድርሻ ለጎረቤት ውሻ ሰጥቼው ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ በላው አይደል?

ግንበኛው፦ ቀበረው።

ልብስ ሰፊው፦ ጥፋቱ የሷ ነው! አጠገቤ ቆማ «አባዬ እንዲህ አድርግ፣ አባዬ እንዲያ አታድርግ» ስትለኝ ዋለች። አርባ ዓመት በእጁ ያደረን ሰው እንዲህ ይሉታል?

ግንበኛው፦ ያለችህን አደረግክ ታዲያ?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ? አንዱንም!

ግንበኛው፦ [ለራሱ እንደሚያወራ] እሱን ነግራኛለች።

ልብስ ሰፊው፦ ምን አልክ?

ግንበኛው፦ ዳቦውን አቀብልህ ወይ? ሥጋውን ልክ በዳቦው ልክ እናድርገው፣ ጠርዝ ለጠርዝ።

ልብስ ሰፊው፦ [ሜትሩን ከአንገቱ መዝዞ ዳቦውን እየለካ] ዳቦው አሥር ሴንቲ። ሥጋው አሥራ ሁለት!

ግንበኛው፦ ሁለቱ የምን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ የትርፍ ነዋ! እሳት ሲነካው ይሰበሰባል። ያልታጠበ ጨርቅ በልኩ ቆርጠህ ብትሰፋ መጀመሪያ የታጠበ ቀን ሱሪው ቁምጣ ሆኖ ይወጣል። ይሄ የሙያ ሀሁ ነው!

ግንበኛው፦ ለኔ ኮትስ ትርፍ ትተህለት ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ የኮቱን ነገር ተወኝ ብያለሁ!

ግንበኛው፦ ተውኩ። መሃሉን እንደ ጉልላት ከፍ ብናደርገው ግን ያምር ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ወይ አንተ! መሃሉ እኮ መጥበሻው ላይ ራሱ ያብጣል። ቦርጫም ደንበኛ ሲመጣ ሆዱ ላይ ልብሱን ታጠብባለህ ወይስ ቦታ ትተውለታለህ? ቦታ ነው የምትተውለት! [የእያንዳንዱን ሥጋ መሃል በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ።] እንዲህ!

[ግንበኛው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ሁሉ አምሮለት ስለነበር ተዘናጋ፤ ዘንድሮ ካደረገው ስህተት ሁሉ የባሰውን ያደረገው እዚህ ላይ ነው።]

ግንበኛው፦ በል እንግዲህ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ከላይ ከላይ ብቻ ነስንስበት፤ ውስጡ አታስገባ።

ልብስ ሰፊው፦ [እጁ አየር ላይ ቀረ።] አታስገባ? ከላይ ብቻ? ጨው ውስጡ ካልገባ ምኑን ጣፈጠ? አፍርሰው ሁሉንም! ከጨው ጋር እንደገና እናሸዋለን!

ግንበኛው፦ [በድንጋጤ] አይ... አዎ! እውነትህን ነው! ውስጡ ነው! እንዲያውም በብዛት! ሁለት እፍኝ ጨምርበት!

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት እፍኝ?

ግንበኛው፦ ሦስት! ከዚያ እናሸዋለን፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊቱን ይደር!

ልብስ ሰፊው፦ [ጨው መያዣውን ደረቱ ላይ ለጥፎ] አብደሃል! ጨው እኮ ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ነው የሚያወጣው! ከላይ፣ ሊጠበስ ሲል፣ ቆንጠር ብቻ! ደግሞ እኔ ሳልነግርህ ጨው እንዳትነካ!

ግንበኛው፦ እንዳልክ። [ላቡን በእጅጌው ጠረገ።]

[መጥበሻው ጋለ። ሥጋው ሲያርፍበት ጩኸቱ ቤቱን ሞላው፣ ሽታው በመስኮት ወጥቶ ጎረቤቱን ጠራ። የልብስ ሰፊው ዓይን አንዴ መጥበሻው ላይ፣ አንዴ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው።]

ግንበኛው፦ ቶሎ እንዲበስል እንጫነው።

ልብስ ሰፊው፦ በምን?

ግንበኛው፦ በካውያህ።

ልብስ ሰፊው፦ በካውያዬ?! የሰው ሙሽራ ልብስ በምተኩስበት ካውያ?! ስትጫነው ያ ሁሉ ወዝ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ እሳቱ! ማንም እንዳይነካው! አንድ ጊዜ እገለብጠዋለሁ፣ አለቀ!

ግንበኛው፦ እኔማ ቶሎ ቶሎ የምናገላብጠው መስሎኝ።

ልብስ ሰፊው፦ አንዴ!

[አንድ ጊዜ ገለበጠው። በጊዜው አወጣው። ግንበኛው ቢላ አንስቶ ቀረበ።]

ግንበኛው፦ ትኩስ በትኩሱ ልቁረጠውና እንየው።

ልብስ ሰፊው፦ አስቀምጥ ቢላውን! ልብስ ከካውያ እንደወረደ አይታጠፍም፣ ይረፍ! አምስት ደቂቃ! እግዜር ያሳይህ፣ አንተን የመሰለ ደንቆሮ ይዤ ነው ዛሬ ልጄን የማስተናግደው?

[በሩ ተከፈተ። አንድ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለ።]

ልጅቷ፦ ራበኝ!

[ተቀመጡ። ልጅቷ በርገሩን በሁለት እጇ ይዛ ገመጠች። ወዙ በጣቶቿ መሃል ወርዶ እስከ ክርኗ ደረሰ። ልብስ ሰፊው የራሱን ሳይነካ ያያታል።]

ልጅቷ፦ [አፏ ሞልቶ] አባዬ! ይሄ ምንድን ነው? ከየት አመጣኸው?

ልብስ ሰፊው፦ ከዚህ! ከጭንቅላት! ያጎትሽን ነገር ግን አትጠይቂኝ። ያላለው ነገር የለም! እንሸው አለ፣ ጮማውን እንጣል አለ፣ በካውያ እንጫነው አለ! እግሩን ተከትዬ ሳስተካክል ነው የዋልኩት።

ልጅቷ፦ [ወደ አጎቷ ሳታይ] በካውያ?

ግንበኛው፦ [በርገሩን እያላመጠ] የካውያው ሐሳብ የራሴ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አየሽ፣ አያፍርም!

ግንበኛው፦ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን በየሳምንቱ ይሄን ሁሉ ከመልፋት፣ ከእንግዲህ ምግብ ቤት አይሻላችሁም?

ልብስ ሰፊው፦ [ጠረጴዛውን መትቶ] በፍጹም! እሁድ እሁድ እዚህ ነው! እዚሁ ወንበር ላይ! ሁለተኛ በዚህ ቤት ምግብ ቤት የሚል ሰው እንዳልሰማ!

ልጅቷ፦ እሺ አባዬ።

[እሺታዋ ፈጠነ። ከተወለደች ጀምሮ ከዚህች ልጅ አፍ እንዲህ የፈጠነ እሺታ ወጥቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊው ግን ደስታው ጆሮውን ደፍኖታል።]

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ደግሞ ምሳ እየበላህ ነው፤ ቆብህን አውልቅ!

ግንበኛው፦ ይቅርብኝ፣ ይበርደኛል።

ልብስ ሰፊው፦ ላብ አለብኝ አላልከኝም እንዴ? አውልቅ! [እጁን ሰዶ ቆቡን አነሳው። የታጠፈ ወረቀት ቲማቲሙ ላይ ወደቀ። ገልጦ ዓይኑን አጠበበ።] የልጄ ጽሑፍ ነው። «አጎቴ፤ 'በደንብ እንሸው' በለው። 'ጮማውን እንጣል' በለው። 'ከዳቦው እኩል ይሁን' በለው። 'እንጫነው' በለው። አደራህን፣ ትክክለኛው ነገር ካፍህ እንዳያመልጥህ!»

ግንበኛው፦ የጨው ጊዜ አምልጦኝ ነበር። ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ [እያነበበ] «መጨረሻ ላይ 'ምግብ ቤት ይሻላችኋል' በለው። እኔ በስልክ ጀምሬልሃለሁ።» [ቀና አለ።] የምግብ ቤቱም?

ልጅቷ፦ አባዬ፣ «እሁድ እሁድ ቤት ልምጣ» ብልህ ኖሮ «ሥራሽን ተዪና እኔን ጠብቂ ያለሽ ማነው?» ትለኝ ነበር። እኔ ጫማዬን እንደዚያ የምወረውርበት ሌላ በር የለኝም።

[ልብስ ሰፊው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን የት እንደገባ ጠፋው።]

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲህ ተበልቻለሁ። ግን ስሙኝ ሁለታችሁም፤ ይሄ የመጨረሻው ነው! ከዛሬ ጀምሮ ማንም ምንም ቢለኝ ቆም ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛ አታገኙኝም!

ልጅቷ፦ ልክ ነህ። ብቻ ሳህኑን አንተ እንዳታጥብ፣ እኔ አጥባለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ በገዛ ቤቴ? ማን ነው የሚከለክለኝ? ቁጭ በይ!

[እጅጌውን ጠቅልሎ ሳህኖቹን ሰብስቦ ውሃውን ከፈተ። ሁለተኛውን ሳህን አጥቦ ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁ አረፋው ውስጥ ቆመ።]

ልብስ ሰፊው፦ [ሳይዞር] ይሄ ወረቀቱ ላይ አለ?

ግንበኛው፦ የለም።

ልብስ ሰፊው፦ ከየት ተማርሽው ታዲያ?

ልጅቷ፦ ከእማዬ።

[ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ የቤቱን ቀለም፣ የመጋረጃውን ዓይነት፣ የልጁን ስም ሳይቀር፣ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሸ።]

ልብስ ሰፊው፦ [ቀስ ብሎ ዞሮ] ቆይ፣ ቆይ። ያን ጊዜ እናትሽ «አንተ እኔን አታገባኝም፣ አይሆንልህም» ያለችኝስ?

ግንበኛው፦ [ቆቡን አራግፎ እያጠለቀ] ያን ጊዜም ወረቀቱ የነበረው እዚሁ ውስጥ ነው። ቆቡ ግን አዲስ ነበር።