የእትዬ ሙሉመቤት ሁለት ተረከዞች

ሐበሻ ተሰብስቦ በሰፈረበት አገር ሁሉ የዕቃ መጠቅለያ ጽሑፍ የምትመረምር አንዲት ሌብል አንባቢ አትጠፋም። ቄስ ሊታጣ ይችላል፣ የእድር ጸሐፊ ሊታጣ ይችላል፣ እሷ ግን አለች። ሜልበርን ውስጥ የኬንሲንግተን ሰፈሯ እትዬ ሙሉመቤት ይባላሉ። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ መካከል ቆመው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው የብስኩት መጠቅለያ ሲመረምሩ ያየ ሰው ችሎት የገባ ይመስለዋል። "እስቲ አገላብጪው" ይላሉ። ይህች ቃል ከአፋቸው ከወጣች በኋላ የተረፈ ብስኩት ጥቂት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጾም ነው። ሜልበርን በገቡ ሰሞን፣ በዐቢይ ጾም ሲበሉት የከረሙት ዳቦ የወተት ዱቄት እንዳለበት ሰሙ። "ለካ ስገድፍ ኖሬያለሁ" ብለው ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛን የተማሩት ከመጠቅለያ ጀርባ ነው። ባቡር ጣቢያ ሄደው መንገድ መጠየቅ እስከ ዛሬ ያስቸግራቸዋል፤ ወተትና የእንስሳ ተዋጽኦ የሚደበቅባቸውን ስሞች፣ ኬሲንን፣ ላክቶስን፣ ጄላቲንን ግን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ ጠብታም ብትሆን ወተት ወተት ናት።

ሕጉ ምግብ ላይ ቢቆም ኖሮ ማንም ባልተቸገረ ነበር። ነገር ግን ከኩሽና ወደ መታጠቢያ ቤት ተሻገረ። ሰው ሊጠይቁ ሄደው "እጄን ልታጠብ" ብለው ከገቡ አይወጡም፤ ባለቤቶቹ ሻይ ቀድተው ሲጠብቁ እሳቸው የሻምፖውን ዘር ማንዘር ሲቆጥሩ ይቆያሉ። የልጅ ልጃቸው ሊና የፀሐይ ክሬሟን ነጥቀው ሲያነቡባት "ግራንድማ፣ ኢትስ ፋይን" ብትላቸው፣ "ፋይን ያላነበበ ሰው ቃል ነው" ብለው መለሱላት። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ስዩም ፀጉራቸውን እንደሚያጠቁሩ መላው ሰፈር ያወቀው በእትዬ ምርመራ ነው። አቶ ስዩም ከዚያ ወዲህ ቆብ ተለይቷቸው አያውቅም።

ትሕትና ክሬሟን ይዛ የቀረበችው እንግዲህ በእኚህ ሴት ፊት ነው።

ትሕትና ያደገችው እዚያው ሕንጻ ላይ፣ ከእትዬ በር ፊት ለፊት ነው። እናቷ ፍቅርተማርያም ሺፍት ስትገባ እሷ እራቷን የምትበላው እትዬ ቤት ነበር። አሁን ኬሚስት ሆናለች፤ ክሬጊበርን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ለሌሎች ሰዎች ስም ቅባት ስትቀምም ዓመታት አሳልፋለች። ይኸኛው ግን የራሷ ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ የሚያለሰልስ ክሬም። ሐሳቡ የመጣላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃልና፣ ከኋላ የቆመ ሰው የሜልበርን ክረምት በሴቶቻችን ተረከዝ ላይ የሠራውን ሁሉ ያያል። እናቷ ሁለት ካልሲ ደርባ ነበር የምታስቀድሰው፤ ብርዱን ፈርታ ሳይሆን በስንጥቁ አፍራ። ትሕትና ክሬሙን ሌላ ቦታ ከመውሰዷ በፊት እነዚህ ሴቶች እንዲቀቡላት ፈለገች። ሴቶቹ ደግሞ እትዬ ሙሉመቤት ያላነበቡትን አይቀቡም። እሳቸው እንቢ ካሉ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ እሑድ አፈር ይበላል።

እትዬ ብልቃጡን ተቀብለው አገላበጡት። ውሃ አለፈ። ከዛፍ ፍሬ የሚወጣው የሺያ ቅቤም አለፈ። ከዚያ ጣታቸው ቀጥ አለ።

"ፕሮፒሊን ግላይኮል" አሉ፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ። "ይኼ የመኪና አይደለም እንዴ? ታክሲ ነጂው ደመላሽ ለራዲያተሩ የሚገዛው ጀሪካን ላይ አንብቤዋለሁ።"

"ውሃም እኮ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፣ እትዬ።"

"የውሃን ጠባይ አውቀዋለሁ።"

ትሕትና ተቀምጣ አስረዳች። ተረከዙን የሚያለሰልሰው አሲድ በተፈጥሮው ዱቄት ነው፤ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ይህ ስሙ ያስፈራቸው ነገር ማሟሚያ ነው፤ ዱቄቱን አሟምቶ በክሬሙ ውስጥ እኩል ያዳርሰዋል፣ ለቆዳውም እርጥበት ይይዝለታል። በዚህ መጠን አብዛኛውን ሰው አይጎዳም፤ ቆዳው የሚቆጣበት ሰው ግን አይጠፋም። "ምግብ ውስጥ እንኳ ይፈቀዳል። እርስዎ ለኬክ የሚጨምሩት ቫኒላ ውስጥም አለ" አለች፣ ክርክሩን የቋጨች መስሏት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። እትዬ ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ ቫኒላውን አነበቡ፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ለሴቶቹ ሁሉ የቫኒላውን መርዶ ማርዳት ጀመሩ። ትሕትና ስልኩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባት።

"በጣም ትንሽ እኮ ነው ያለው" አለች በመጨረሻ።

"ወተትም ጠብታ ነው። አውጪልኝና አምጪው።"

"ካወጣሁት አይሠራም፣ እትዬ።"

"ሞክረሽዋል?"

ይህን ማንም ጤነኛ ኬሚስት አይሞክረውም፤ እትዬን ግን ጤነኛ ኬሚስት እንደማያሸንፋቸው ትሕትና ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ስለዚህ ሁለት ብልቃጥ ሠርታ መጣች፤ ማሟሚያ ያለው ቀይ ክዳን፣ የሌለው ነጭ ክዳን። እትዬ ትእዛዝ አወጡ። ቀዩ ለቀኝ ተረከዝ፣ ነጩ ለግራ። የሰኔ ጾም ተጀምሮ ነበርና ፍርዱ የሚሰማው ጾሙ ሲፈታ ነው አሉ። እስከዚያ ድረስ ማንም ስለ ተረከዛቸው እንዳይጠይቃቸው አስጠነቀቁ።

ጾሙ ትሕትናን ረዘመባት። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የእትዬን እግር ነበር፤ ወፍራም ግራጫ ካልሲ። ፊታቸውም እንደ ካልሲው ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ፍቅርተማርያም እንኳ ልጇን ለማጽናናት ያገኘችው ቃል "ለቫኒላው አንዲት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው፤ ላንቺ ጊዜ ሰጥተውሻል" የሚል ብቻ ነበር። ትሕትና ግን ፈራች። የውጭ ሰው ሥራዋን ቢንቅባት ትቆጣለች እንጂ አትሰበርም፤ የእነዚህ ሴቶች ንቀት ግን ይሰብራታል።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ቅዳሴ አብቅቶ ሰው አዳራሹ ውስጥ ምሳ ሲጠብቅ፣ እትዬ ሙሉመቤት ወንበር አስመጡ። ተቀመጡ። ሌላ ወንበር አስመጡና እግራቸውን ሰቀሉበት። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ አቶ ስዩም በጨዋ ደንብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ግራው ተረከዝ እንደ ድሮው ተሰነጣጥቋል። ይባስ ብሎ ያልሟሟው ዱቄት እንደ ተጓጎለ ሽሮ እዚህም እዚያም ተቀምጦበት ኖሮ፣ ባረፈበት ቦታ ቆዳውን ለብልቦ አቅልቶታል። ቀኙ ግን ድፍን ሆኖ ለስልሷል።

"ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል" አሉ እትዬ። "ንኩት እንጂ፣ ምን ትፈራላችሁ?"

ሴቶቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ነኩ። አንዷ ግራውን ነክታ እጇን ሰበሰበች፤ ቀኙን ነክታ "ወይ ጉድ" አለች። እትዬ እግራቸውን ሳያወርዱ ፍርዳቸውን አሰሙ።

"እኔ ጾሙንና ቅባቱን አደባልቄ ነበር። ጾም የመታዘዝ ነገር ነው፤ ጠብታዋም ትቆጠራለች። ቆዳ የመጠን ነገር ነው። በርበሬም ሲበዛ ያቃጥላል፤ እንግዲህ ያለ በርበሬ ወጥ ልንሠራ ነው? ይህች ልጅ የጨመረችው አስፈላጊ ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። አንብቤዋለሁ፣ ተቀብቼዋለሁ፣ ይኸው። ደመላሽ፣ ያንተን ጀሪካን ግን እንዳትቀባው።"

እልልታው አዳራሹን ሞላው። ትሕትና ይዛ የመጣቻቸውን ባለ ቀይ ክዳን ብልቃጦች ከካርቶናቸው ማውጣት ጀመረች። ከሴቶቹ አንዷ፣ እትዬ ታየች፣ ከሁሉ ቀድመው ለብልቃጥ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ሙሉመቤት እጃቸውን መለሱባቸው።

"አንቺ ቆዪ።"

"ምነው? አሁን አይደለም እንዴ ያመሰገንሽው?"

"አመስግኛለሁ። አንቺ ግን ሳሙና ቀይረሽ ክንድሽ አብጦ ጂፒ ሐኪም ጋ የሄድሽ ሰው ነሽ። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ሞክሪና ጠብቂ። ከተቆጣብሽ ተዪው። ስኳር ያለባችሁም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እግራችሁን እንዳትነኩ። አብራኝ የማትቀባ ትቅር እንጂ በእኔ ስም የምትታመም አልፈልግም።"

ትሕትናን የመጀመሪያዋ ፈላጊ በእልልታው መሀል ተመለሱባት። ማስጠንቀቂያው ራሷ ልትናገረው የሚገባት ነበር፤ ከእሷ አፍ ቢወጣ ግን ፍርሃት ይመስል ነበር። ከእትዬ አፍ ሲወጣ ዋስትና ሆነ። ከልካይ ሴት ስትፈቅድ የማይታመን የለም፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ለምሳ የተሠራው ወጥ ቀዘቀዘ፣ ማንም ግድ አላለውም። እትዬ ታየች በሳምንቱ ክንዳቸው ቀልቶ መጡ። ቅር የሚላቸው መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን "አላልኳችሁም? ሙሉመቤት ታውቃለች" እያሉ የቀላውን ለሁሉም አሳዩ፣ ለእህታቸውም አንድ ብልቃጥ ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ በመጣ አንድ እሑድ ውጭው ዝናብ ነበር፤ የተከራየነው አሮጌ ሕንጻ ወለል አጥንት ያቀዘቅዛል። ትሕትና እንደ ልማዷ ከኋላ ቆማ አቀርቅራ ስታይ ካልሲ የለም። ሴቶቹ በሐምሌ ብርድ በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ከፊት እትዬ ሙሉመቤት፣ አሁን ሁለቱም ተረከዛቸው እኩል ለስልሶ፣ ከጎናቸው እናቷ። የእናቷን ተረከዝ እንዲህ ሳይሸፈን ካየችው ስንት ዘመኗ። አለቀሰች። ያንን ብልቃጥ እንደ ወንጀለኛ ያገላበጡባት ሴትዮ ባይኖሩ ኖሮ ይህ እንደማይሆን አወቀች፤ ደግሞም ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጣም እንደምትወዳቸው፣ አንድም ቀን እንዳልነገረቻቸው ትዝ አላት።

ለጠበል ሲሰለፉ እትዬ ወደ ኋላ ዞር አሉ።

"ለፊት የሚሆነውን መቼ ነው የምትሠሪልን?"

"ጀምሬዋለሁ፣ እትዬ። ሲያልቅ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የማሳየው።"

"ታዲያ ለማን ልታሳዪ ኖሯል?" አሉና ተራቸው ደርሶ ጠበላቸውን ጠጡ።