ከፊልሙ በላይ የሚያወራው ዋኘው

ዋኘው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በገበሬ ማሰልጠኛው መስኮት ላይ ይወጥራል። ሚስማሩን በጥርሱ ይዟል፤ መዶሻ ስለሌለ በድንጋይ ይመታል። ብርሃን ከገባ ፊልሙ አይታይማ። ማንም አላዘዘውም። ይህ ሰው ዝም ሲል የማየው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም አፉ በሚስማር ስለተያዘ።

ፊልም በሚታይበት አገር ሁሉ ከፊልሙ በላይ የሚያወራ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጥርባ ሐይቅ በላይ ላለችው ቀበሌያችን የደረሰን ክቡር አቶ ዋኘው ነው።

ፊልሞቹን ከእንጅባራ የምታመጣልን የምሥራች የምትባል የመሥሪያ ቤት ልጅ ናት። አፈር ስለሚጠርግ ጎርፍ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ደን የሚናገሩ ናቸው። የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ እኛ ደግሞ ስንስቅም ስንጣላም በአዊኛ ነን። ዋኘው የአስተርጓሚነቱን ሹመት የያዘው በዚህ የተነሳ ነው። ማን እንደ ሾመው የጠየቀ የለም። እኔም ፊደል የቆጠርሁት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ፊልሙ በሚታይበት ነጭ አቡጀዲ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ግማሽ ሳልደርስ ይጠፋብኛል። ቀሪውን ከዋኘው አፍ እሰማለሁ።

ችግሩ፣ ዋኘው በፊልሙ ውስጥ ያለን ሰው ያለ ስም አይተወውም። ከሰፈራችን ሰው ስም ወስዶ ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ የማናውቀው አገር ፍየል ችግኝ ስትግጥ አየንና፣ "እዩዋት የእትዬ ሸጋን ፍየል!" አለ። ሸጋ እኔ ነኝ። ፍየል ኖሮኝ አያውቅም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግኝ የተበላበት ሁሉ እኔን ይገላምጣል።

በፊልሙ መጨረሻ ችግኝ ተክሎ የሚመረቀው ደጉ ሰው ግን ሁልጊዜ ዋኘው ነው። "ይኸው ዋኘው ተከለ፤ አገሩም መረቀው" ይላል፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። ያ ደግ ሰው አንድ ጊዜ ጢም ያላወጣ ወጣት ነበር። አንድ ጊዜማ ሴት ነበረች። ዋኘው አልተቸገረም።

"አባባ፣ ዝም ብለው ቢያዩትስ?" ትለዋለች የምሥራች።

"እኔስ ዝም ባልሁ ልጄ፤ ማን ሊናገርልሽ ነው?"

አሁን ወደ ጥቅምቱ ፊልም ልምጣ። ከምንጫችን ራስ ላይ ያሉት፣ ጥቁር እንጨት የምንላቸው ትልልቅ ዛፎች በጎረቤታችን በባንተአምላክ ይዞታ ውስጥ ናቸው። ባንተአምላክ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ነጋዴ ጋር ተስማምቶ፣ በፊልሙ ማግስት ሊያስጥላቸው ቆራጭ ቀጥሮ ነበር። ምንጩ የሁላችን ነው፤ የኔም ጄሪካን የሚሞላው ከዚያው ነው። ሽማግሌ ቢላክበት "በገዛ እንጨቴ!" ብሎ መለሳቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ረጅም ሰው መጥረቢያ ይዞ ከምንጭ ራስ ወዳለ ዛፍ ሄደ።

"ይኸው ባንተአምላክ መጣ" አለ ዋኘው።

ባንተአምላክ ከኋላ ብድግ አለ። "አያ ዋኘው! እኔ መቼ ቆረጥሁ?"

"ነገ አይደል? ፊልሙ ቀድሞህ ነው።"

ሰዉ አውካካ። ባንተአምላክ ግን ፊቱ ጠቆረ። "እንግዲያው ነገ አንዲት አላስተርፍም!" ብሎ ወደ በሩ አመራ። እልኸኛነቱን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ሳቃችን ዛፎቹን ሊያስጨርሳቸው ነው።

አቡጀዲው ላይ ምንጩ ደረቀ፤ ሴቶቹ ባዶ እንስራ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ደጉ ሰው ችግኝ ተሸክሞ በኮረብታው ብቅ አለ። ሁላችንም "ዋኘው" እስኪባል ጠበቅን። ዋኘው አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ደጉ ሰው አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይኸም… ይኸም ባንተአምላክ ነው" አለ። "መጥረቢያውን ጥሎ ተመልሶ ነው። ችግኙን እዩት፣ በሁለት እጁ አቅፎ! ሴቶቹ እየመረቁት ነው። እኔ? እኔ እዚህ የለሁበትም።"

መጥረቢያ የያዘው ረጅም ነበር፤ ይኸኛው አጭርና ራሰ በራ ነው። ማንም አልተከራከረም። እልልታውን የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ባንተአምላክ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ዞሮ አየ። ቆየና መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ቆራጮቹን "አገር ሁሉ ሲያየኝ ተክዬ፣ ዛሬ እንዴት እቆርጣለሁ?" ብሎ ሸኛቸው።

ዛፎቹ ይኸው ቆመዋል። ባንተአምላክ አሁን ፊልም በመጣ ቁጥር ከፊት ተቀምጦ ደጉ ሰው የሚሆንበትን ተራ ይጠብቃል። ዋኘውም ምራቁን ውጦ ይሰጠዋል። ባለፈው ያን በሚስማር የተበሳሳ ጋቢውን ከመስኮት እያወረደ ጠጋ አለኝ።

"እትዬ ሸጋ፣ ለአንድ ቀን ያዋስሁትን ደግ ሰው ወስዶ አስቀረብኝ እኮ።"

"መልስልኝ በለዋ።"

"እንጨቱን ቢቆርጠውስ?"

እናንተ ፊልም የምትሠሩ ልጆቼ፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ፊልም መጨረሻ ላይ ሁለት ደጋግ ሰዎች አስገቡልን። አንዱ የባንተአምላክ ነው። ሌላው ወጣትም ይሁን፣ ሴትም ትሁን ግድ የለም፤ ዋኘው አይቸገርም።