በተኩስ ሜዳ ወራጅ አለ

ወንድ ልጅ ሞቶ ቢነሳ "አላውቅም" የማይልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መንገድ ነው። ጠፍቶበት ዞሮ ዞሮ እዚያው መስጊድ ደጃፍ ቢመለስ እንኳ "አቋራጭ እየፈለግኩ ነው" ይላል እንጂ ሰው አይጠይቅም። ሁለተኛው ሽጉጥ ነው። እስቲ አንዱን አስቁማችሁ መተኮስ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። "ይኼ ደግሞ ምን ይከብዳል?" ይላችኋል። በሕይወቱ ከርችት በላይ የሚጮህ ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ በእናቱ ሆድ ውስጥ ኢላማ ሲመታ እንደከረመ ሁሉ ደረቱን ይነፋል።

ይህን የምለው ወንዶችን ጠልቼ አይደለም፤ አንዱን አግብቼ እየኖርኩ ነው። የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ዕድሜዬን በፖሊስነት ጨርሼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በጥበቃ ሥራ የሚቀጠሩ ሰዎችን ሽጉጥ አስተምራለሁ። ሜዳችን ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ቁጥቋጦ እንኳ ከጠላው ራሰ በራ ኮረብታ ሥር ነው። ስለ ሙያዬ ልንገራችሁ። ራሴን ማሞገስ ስለምወድ እንዳይመስላችሁ። ይቅርታ፣ ራሴን ማሞገስ እወዳለሁ። በሳጅን አስቴር ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ከላብ በቀር የፈሰሰ ነገር የለም። ይህን የሚል አስተማሪ ካገኛችሁ ጥሩልኝ፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።

አንዳንድ ጎረምሶች የሚወዱት አንድ ቀልድ አለ። ጀማሪውን ይጠሩና ካለው ሁሉ ከባዱን ሽጉጥ፣ ጥይቱን ሞልተው ያስይዙታል። ምስኪኑ ሲተኩስ ሽጉጡ ዘሎ ግንባሩን ይለዋል፣ እነሱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይህ ነገር ያበግነኛል! የደነገጠ እጅ ምን ያደርጋል? ይጨብጣል። ሲጨብጥ ቃታው ይሳባል፤ ካዝናው ውስጥ ሌላ ጥይት ካለ ይወጣል፣ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለቃል ብቻ መሰላችሁ?

እኔ ዘንድ መጀመሪያ የሚያዘው ባዶ ሽጉጥ ነው። ባዶነቱን እኔ ያየሁት፣ ተማሪው ያየው፣ ከዚያም አንተማመንምና ሁለታችንም እንደገና ያየነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ኮረብታው። ቀጥሎ ትንሹ ማካሮቭ በአንድ ጥይት። እሱን ከለመዱ በኋላ ነው ኮልት የሚነኩት። ኮልት ማለት አፉ ሰፊ፣ ጥይቱ ወፍራም፣ ሲተኮስ ክንድን ይዞ የሚነሳ ጉልበተኛ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ጥይት ይጀመራል። አንድ ተኩሶ፣ ተንፍሶ፣ ሌላ አንድ። ተማሪው በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እኔ ቀኝ ትከሻው ዘንድ ቆሜ ጀርባውን በመዳፌ እደግፋለሁ። በሜዳው ላይ የሚተኩሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀረው ከኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ጣት አለ። አመልካች ጣትን "ሌባ ጣት" ብሎ የሰየመው አባት ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ተኩስ ያስተማረ ሰው ለመሆኑ እምላለሁ። ይህ ጣት ሳይጠሩት ቃታው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። "ሌባው ከቤት ይውጣ!" ስላቸው ሁሉም ጣቱን ከቃታው አውጥቶ በሽጉጡ ጎን ቀጥ ያደርጋል። ስድብ ግን አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ወደ ሙክታር ልግባ። ባለፈው ዙር ከላኩልኝ አምስት ተማሪዎች አንዱ ነው። አፉን በሶማሊኛ የፈታ፣ አማርኛውን ከመንገድ የለቀመ፣ ጎልማሳ የባጃጅ ሹፌር። ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ከሚነግዱ ቤተሰብ የተወለደች ሆዳን የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባትየው ግን "የባጃጅ ሥራ ዛሬ አለ ነገ የለም፤ ቋሚ ሥራ ይዘህ ና" አሉት። የመጋዘን ጥበቃው ሥራ ለሙክታር ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ሚስት ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረኝ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ነው። የድሬ ሰው ምሥጢር መያዝ አይሆንለትም።

ሙክታር አይፎክርም፣ ይሰማል፣ ኮልቱንም ያለ ግንባር እብጠት ለመደ። ያለበት አንድ አመል መቸኮል ነው፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ዓይነት። የጥበቃ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌታሁን ሥልጠናውን ሊጎበኙ ከነክራቫታቸው በመጡበት ዕለት፣ ሙክታር ኮልቱን በአንድ ጥይት ይዞ ኢላማው ላይ አነጣጥሯል። ቀይ ባንዲራ ሰቅያለሁ፣ ግራና ቀኝ ዘበኛ አቁሜያለሁ። ፍየል ግን ባንዲራ አታነብም። አንዲት ነጭ ፍየል ከዘበኛው ጀርባ ተፈትልካ፣ ርስቷን ልትጎበኝ እንደወጣች እመቤት ወደ ኢላማው ዳር ትንቀዋለል ጀመር።

እኔም ሕጉ እንደሚያዘው ባለ በሌለ ድምፄ "ተኩስ አቁም!" አልኩ።

ሙክታር ተኮሰ።

ጥይቷ የኢላማው እምብርት ላይ ገባች። በዚያ ዙር ማንም ያላገኘው ምት ነው፤ ማድነቅ እንኳ አልቻልኩም። ሙክታር በድንጋጤ ቃታውን ደግሞ ሳበው፤ ኮልቱ ግን ሆዱ ባዶ ስለነበር አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንድ ጥይት ብቻ የምለው ለዚህ ነው፣ አያችሁ? ፍየሏ ቀና ብላ ገላመጠችንና በመጣችበት ተመለሰች። እኔ ግን ከኋላዋ ሰው ቢኖርስ እያልኩ ኮልቱን ከሙክታር እጅ ተቀበልኩት።

አቶ ጌታሁን በቁጣ ቀሉ። ቁም ሲባል የሚተኩስ ሰው መጋዘን አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ይሰናበት አሉ። ሙክታር ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረ።

"አቦ ሳጅን፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ 'ተኩስ' ያልሽኝ? ወላሂ፣ 'አቁም'ን የሰማሁት ጥይቱ ከሄደ ወዲያ ነው!"

ተናደድኩ። ቀጥሎ አሰብኩት። እውነቱን አይደለም እንዴ? "ተኩስ" እና "ተኩስ አቁም" አንድ በር ነው ያላቸው። አማርኛችን ጨዋ ቋንቋ ነው፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ለሽምግልና ይህን የመሰለ ቋንቋ የለም፤ ሽማግሌው "ልጅዎን ለልጃችን" ብሎ ይጀምርና የአባትየው ፊት እስኪፈታ ድረስ የቀረውን ኪሱ ውስጥ ያቆየዋል። ጥይት ግን ሽማግሌ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይቀመጥም። ጆሮው ላይ መከላከያ አድርጎ፣ ልቡ እየመታ፣ በሁለተኛ ቋንቋው ትእዛዝ ለሚጠብቅ ጀማሪ "ተኩስ" ብሎ ጀምሮ በ"አቁም" መጨረስ ማለት በሩን ከከፈቱ በኋላ "አትግባ" እንደማለት ነው። አቶ ጌታሁንን ለመንኳቸው። እስከ ቅዳሜው ፈተና ጊዜ ሰጡኝ፤ ቅዳሜ ቁም ተብሎ ከተኮሰ ግን ወደ ባጃጁ ይመለስ አሉ።

አሁን የሚያስፈልገኝ አጭር ቃል ነው። ሙክታር "ጆግሶ" ይሁን አለ፤ በሶማሊኛ ቁም ማለት ነው። ሌላው የለም በኦሮምኛ ይሁን አለ፣ ሌላው በሐረሪ፤ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ድሬ ያደገው ደግሞ ዝም ብሎ "ቁም" ይበቃል ብሎ ተቆጣ። ሜዳው ላይ ያልተፈጠረ ጠብ ለቃል ምርጫ ሊፈጠር ሆነ። እየተከራከርን ወደ ከተማ የሚመልሰን ባጃጅ ላይ ተጠቅጥቀን ገባን፣ ክርክሩም አብሮን ገባ። ሁሉም በየቋንቋው ይጮሃል። መሐል ላይ ዘንቢል ያቀፉ አንዲት አሮጊት፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ወራጅ" አሉ።

ባጃጁ ቆመ። ክርክሩም ቆመ። አሮጊቷ እንዲወርዱ ጉልበት ሁሉ ተሰበሰበ።

ዘልዬ አሮጊቷን ልስማቸው ምንም አልቀረኝ! ድሬዳዋ ላይ በሶማሊኛ የሚያልም፣ በኦሮምኛ የሚነግድ፣ በሐረሪ የሚያማ፣ በአማርኛ የሚጣላ ሰው ሁሉ ከባጃጅ የሚወርደው በአንድ ቃል ነው። ይህን ቃል ሰምቶ የማይቆም የድሬ ልጅ የለም። ሕግ አውጪዎች ያጡትን ሕግ ዘንቢል ያቀፉ እናት ሰጡኝ።

በማግስቱ በባዶ ሽጉጥ ጀመርን። "ወራጅ!" ስል ሌባው ከቤት ይወጣል፣ ሁለቱ እጆች አፈሙዙን ወደ ኮረብታው እንዳደረጉ ወደ ደረት ይሰበሰባሉ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ ከዚያ ቀጣዩን ትእዛዝ መጠበቅ። አራቱ ቶሎ ገባቸው። ሙክታር ግን "ወራጅ!" በተባለ ቁጥር ቀኝ እግሩ አፈሩን ይረግጣል። ፍሬን ፍለጋ ነው! እግርህን ተወው፣ እጅህን፣ እያልኩ ስደጋግም፣ እሱ ሲደጋግም፣ ፀሐይዋ ስትከር ጥላ እየያዝን፣ ስትበርድ እየወጣን፣ በመጨረሻ እግሩ ፍሬኑን ረሳ። "ወራጅ!" ሲባል እጁ ብቻ የሚሰማ ሰው ሆነ።

ቅዳሜ መጣ። አቶ ጌታሁን የማቆሚያውን ትእዛዝ እኔው እሰጣለሁ አሉ። ቃሉን ስነግራቸው ግን ሰማይ ተደፋባቸው። እንዴት ሆኖ እኔ፣ ክራቫት ያሰርኩ ሰው፣ ሽጉጥ ለያዘ ሰው "ወራጅ" እላለሁ አሉ። ቃሉን የማይሉ ከሆነ ሜዳውን ይልቀቁልኝ አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ካዝናው ውስጥ ግን ከአንድ ጥይት በላይ ይግባ፣ አለዚያ መቆሙ በምን ይታወቃል አሉ። እውነታቸውን ነው። ኮልቱን ለጀማሪ ከአንድ ጥይት በላይ ሳጎርስ ይህ መጀመሪያዬ ነበር። ለእያንዳንዱ ሦስት አጎረስኩት፣ እኔም ከትከሻቸው አልራቅሁም።

የመጀመሪያው ተማሪ አንድ ተኮሰ። አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰው እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስል፣ እንደ አዲስ ሙሽራ በለሆሳስ "ወራጅ አለ" አሉ። ማን ይስማቸው! ተማሪው ሁለተኛውን ለቀቀውና እኔ ጮኼ አቆምኩት። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የድምፁ ነው ብዬ ብከራከርም፣ ሥራ አስኪያጁ ከአፍረታቸው አልወጡም፤ ድምፃቸው ጭራሽ እየሰለለ ሄደ።

ሙክታር መጨረሻ ቀረበ። ከንፈሩ ደርቋል። ኮልቱን አነሳ፣ ወደ ፊት አዘነበለ፣ ተኮሰ። ጀርባው በመዳፌ ሥር አልተነቃነቀም። ሽጉጡ ዘሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጣቱ ቃታው ላይ መጠንከር ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላችን ትንኝ የማትሰማው "ወራ..." ተሰማ።

ሙክታር ቆመ! ቃሉ ሳያልቅ! ጣቱ ወጣ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተሰበሰቡ፣ ዓይኑ ወደ ፊት። ሁለት ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ተኝተው ቀሩ። እኔ ራሴ ከአጠገቡ ቆሜ በመከራ የሰማሁትን ድምፅ ይህ ልጅ ከየት ሰማው? ለካ የባጃጅ ሹፌር ጆሮ በሞተርና በሙዚቃ መሐል፣ ኋላ ጥግ የተቀመጠች ዓይነ አፋር ልጃገረድ በአፍንጫዋ የምትለውን "ወራጅ" ሲለቅም የኖረ ጆሮ ነው። አቶ ጌታሁን ክራቫታቸውን አላልተው እጁን ጨበጡት። ጥፋቱ የድምፃቸው መሆኑን አምነው አራቱንም አሳለፏቸው፤ ሙክታርን ግን ፈረቃ መሪ አደረጉት። እኔማ ምን ልበላችሁ! ልጄ የተመረቀ ይመስል ቆሜ አለቀስኩ፣ ያገኘሁትንም ሁሉ "እኔ ነኝ ያስተማርኩት" እያልኩ አዳረስኩ። ከዘበኞቹ አንዱን ሁለት ጊዜ ነገርኩት መሰለኝ።

ሙክታር ለሆዳን አባት ደወለ፤ ሽማግሌ ላክ አሉት። ከደስታው ብዛት ሌላ ባጃጅ አትሳፈሪም፣ ባጃጁን ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት እኔው ነኝ የማደርስሽ ብሎ ግድ አለኝ። እኔም እንደ ንግሥት ከኋላ ተንፈላስሼ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። ሰፈሬ ስንደርስ ደጃፌን አየሁና፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣ "ወራጅ!" አልኩ።

ሙክታር መሪውን ለቀቀ። ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ ሰበሰበ፣ ዓይኑን ወደ ፊት ተክሎ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቅ ጀመር። እግሩማ ፍሬኑን ከረሳ ሰንብቷል። ባጃጁ ብቻውን እያዘገመ ደጃፌን አለፈ፣ ጎረቤቴ ለግንባታ ያስራገፈው የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብቶ ዘመም አለ። ሁለታችንም ደህና ነን፤ እኔ ግን እስከ ጉልበቴ አሸዋ ገባሁ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እጁ ደረቱ ላይ እንደታቀፈ የቀረውን ሹፌር እያዩ፣ ይህን ልጅ ማን ነው ያስተማረው ይባባሉ ጀመር። ሙክታር በኩራት ወደ እኔ ዞሮ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

"እኔ በምን አውቄ?" አልኳቸው፣ አሸዋውን ከጫማዬ እያራገፍኩ።