ሻለቃን ማን ገደለው?

እኔ የምለው፣ እናንተ ግቢ ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማል? እኛ ግቢ ይሰማል። እንዴት አይሰማ! ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንወርድ ነው። እኔ ደግሞ አኮርዲዮን ተጫዋች ነኝ፤ በጆሮዬ ነው የምኖረው። ቢላዋ መክተፊያ ላይ ሲያርፍ ሰምቼ ማን ቤት ምን እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ።

ለማንኛውም፣ ስለ ግድያው ላውራችሁ። አዎ፣ ግድያ! እኛው ግቢ! ሟች ሻለቃ ይባላል። አትደንግጡ፣ አውራ ዶሮ ነው። የአከራያችን የእትዬ ጽጌ ዶሮ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይጮሃል። ጩኸቱ ትዝታ አይደል፣ ባቲ አይደል፣ አምባሰል አይደል፣ አንቺሆዬም አይደል። ሙዚቀኛ ሆናችሁ በዚህ ድምፅ ስትነቁ አስቡት! አንድ ቀን ታዲያ ብግን ብዬ ሰው በሞላበት፣ «ይሄን ዶሮ አንገቱን ቆርጬ እገላገለዋለሁ» ብዬ ተናገርኩ። ምን አስቀባጠረኝ?

እትዬ ጽጌን ደግሞ እወቋቸው። ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። አንዴ በሁዳዴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ አረፋው ጺሜ ላይ ቀርቶ ኖሯል። የጾም ማኪያቶ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ! በግቢው ሰው ፊት ቧንቧው ጋ አቁመው አፌን አስታጠቡኝ።

ዘንድሮ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ነው፣ አንድ ጠዋት ሻለቃ ጭጭ አለ። ተመስገን ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። በእንቅልፌ ከበሮ የሚመታ መሰለኝ፤ ጣ ጣ ጣ፣ ረጅም፣ የማያቋርጥ። ስነሳ ግቢው ቀውጢ ሆኗል። ከቧንቧው ጀርባ ደምና ላባ ተገኝቷል። እትዬ ጽጌ ዓይናቸው ቀልቶ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። የጎን ጎረቤቴ አስካለ ወገቧን ይዛ ምርመራ ጀምራለች።

«ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም!» አለች። «ሐጂ ኑሪ ቡታጅራ ከሄዱ ሰነበቱ። ግቢው ውስጥ ወንድ ማን ቀረ?» ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ከኋላዬ ሰው ካለ ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ብምል ማን ይመነኝ? አፌ አስቀድሞ መስክሮብኛል። አስካለ እትዬ ጽጌን፣ «ከነፍሰ ገዳይ ጋር ሊኖሩ ነው?» እያለች አጣደፈቻቸው። እሳቸው ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ያደረገው ሰው እስከ ፋሲካ ግቢዬን ይልቀቅልኝ» አሉ። እስቲ የት ልሂድ? የፒያሳ ግማሹ ፈርሷል። በሁዳዴ የምጫወትባቸው የምሽት ቤቶች ስለሚዘጉ ሥራ የለኝም። ሥራ ቢኖርስ፣ አኮርዲዮን የሚችል አከራይ ከየት ይመጣል!

ስለዚህ መርማሪ ሆንኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? መጀመሪያ የአስካለን ድመት ጠረጠርኩ። ግን እሷ ሻለቃን ስታይ ጣራ ላይ የምትወጣ ፈሪ ናት። ተስፋ ቆርጬ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ልብሴን ስሸክፍ አስካለ ቤት ሽንኩርት መከተፍ ጀመረ። ጣ ጣ ጣ... አበቃ። ሽሮ ነው። ወዲያው ከአልጋዬ ዘለልኩ። ያ ከበሮ! ለሽሮ እንደዚያ የሚከትፍ ማን አለ? ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚጨርስ አንድ ወጥ ብቻ ነው፤ ዶሮ ወጥ! የመጣውስ በየት በኩል ነበር? በእትዬ ጽጌ ግድግዳ! ያ እንባስ? ወይኔ፣ የሽንኩርት እንባ!

ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፉት ለሽሮ ነው?»

እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝና አሁን የእውነት አለቀሱ። ለካስ ሐኪም ደምዎ አንሷል፣ ጾሙን ትተው ሥጋ ይብሉ ብሏቸዋል። የነፍስ አባታቸውም ፈቅደዋል። ግን የሰው አፍ ያጠበች ሴት በምን ፊቷ ትብላ? ታዲያ ለማረዱ ለምን አልጠሩኝም አልኳቸው።

«አንተን ብጠራ አራዳ በሙሉ ይሰማ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ራሴ አማትቤ አረድኩት። ግን ስማኝ ልጄ፣ ቅቤ ጠብ አላደረግሁበትም! በዘይት ነው የሠራሁት!»

በማይሆን ሰዓት ሳቅ ያዘኝ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፉና፣ አንተንማ በሐሰት አላስወጣም፣ አሁኑኑ ወጥቼ እናገራለሁ ብለው ተነሱ። እኚህ ሴትዮ አስካለ ፊት ቆመው ጾም ፈታሁ ሲሉ ልይ? አንጀቴ አልቻለም። እዚያው ቆሜ መላ መጣልኝ። የዶሮው ባለቤት እሳቸው አይደሉ? ይቅር ባይዋስ እሳቸው አይደሉ? በጾም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀን ሰው ደግሞ ማን ይመልሳል!

ከአጥራችን ማዶ ከፈረሰ ቤት አንድ ድንጋይ አንስቼ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቧንቧው ጋ ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ የገደልኩት!» አልኩ። አስካለ «ብያለሁ!» ብላ አጨበጨበች። ከቡታጅራ የተመለሱት ሐጂ ኑሪ ሽማግሌ ሆነው፣ «ታዴ፣ አንተ እንኳን ዶሮ ትንኝ አትገድልም» እያሉ ድንጋዩን አወረዱልኝ። እትዬ ጽጌ ይቅር ሲሉኝ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እንዲህ ያለች ቅድስት የት ትገኛለች ተባለ። እኔ ላይ ተፈረደ፤ ዶሮ እንድተካ። ሐጂ ኑሪ ድምፁን ሰምተው መረጡልኝ፤ ገዳይ ራሱ ይጠብቀው ተብሎም ማደሪያው መስኮቴ ሥር ሆነ። ከሻለቃ ይብሳል።

ወንጀለኛውን አግኝቶ ራሱ የተፈረደበት መርማሪ ከእኔ ሌላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይሁን፣ ቤቴ ተርፎልኛል። በፋሲካ እትዬ ጽጌ ፊታቸው ወዝቶ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ግቢው ሁሉ እያየ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ። እልል ተባለ። ጉርሻውን አፌ ውስጥ ሲከቱ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣

«ሐኪሙ በፍልሰታም ይብሉ ብሎኛል» አሉኝ።