የአምስት ጋዜጣ ደንበኛ

[ሰሜን ኦንታሪዮ፣ መጋቢት። በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ የቆመች የሎርን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ። ጎረቤታሞቹ ሎርንና ኦርቪል በረዶው ላይ የተበሳውን ቀዳዳ ከበው ተቀምጠዋል። ሎርን ስልኩ ላይ የግብር ቅጽ ይሞላል።]

ኦርቪል፦ አሁንም አልገባኝም። አምስት መቶ ዶላር ከፍለህ ሰባ አምስት ሲቀነስልህ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?

ሎርን፦ ድሃ አድርጎ ያስቀረህ ይሄ ጥያቄህ ነው። በኢንተርኔት ለሚነበብ የአገር ውስጥ ጋዜጣ የከፈለ ሰው፣ ከከፈለው ከመቶ አሥራ አምስቱ ከግብሩ ይቀነስለታል። ጣሪያው አምስት መቶ ነው። እኔ አምስት ጋዜጣ ገዝቼ ጣሪያውን ነካሁ። አንተስ?

ኦርቪል፦ እኔማ ዶናት ቤት ሰው ትቶት የሚሄደውን ነው የማነበው።

ሎርን፦ [በንቀት እየሳቀ] የሰው ትራፊ። ከሱ ላይ ምን ይቀነስልሃል?

ኦርቪል፦ ምንም። የከተማችንንስ ጋዜጣ ገዝተሃል?

ሎርን፦ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው።

ኦርቪል፦ የባለፈውን ሳምንት አየኸው ታዲያ?

ሎርን፦ ስማ ኦርቪል፣ ቅጹ «ስንት ከፈልክ?» ነው የሚለው። «አንብበሃል ወይ?» የሚል ቦታ የለውም። ማንበብ ሥራ ለፈታ ነው።

ኦርቪል፦ እኔ ደግሞ ታውቃለህ ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ጎጆዬን ከሐይቁ ጎትቼ ሳወጣ እንኳ ፈሪ ብለህ ሳቅክብኝ።

ሎርን፦ ፈሪ ነሃ። በረዶው ገና መኪና ይሸከማል።

ኦርቪል፦ በረዶውስ ይሸከማል፤ የማይሸከምህ ሕጉ ነው። ዘንድሮ ብርዱ ስለላላ ጎጆ ሁሉ ከሐይቁ የሚነሳበትን ቀነ ገደብ በሁለት ሳምንት አሳጥረውታል። ትናንት አለቀ። ዛሬ ና ስትለኝ ልትጎትታት መስሎኝ ገመድ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሎርን፦ ማን ነው አለቀ ያለው?

ኦርቪል፦ ጋዜጣህ። የፊት ገጹ ላይ።

[ሎርን ስልኩን ይነካካል። ፊቱ ይለዋወጣል።]

ኦርቪል፦ ምን ይላል?

ሎርን፦ የይለፍ ቃል አስገባ ይላል።

ኦርቪል፦ አስገባዋ።

ሎርን፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ከፍቼው አላውቅም።... ቅጣቱ ስንት ነው?

ኦርቪል፦ ሦስት መቶ። ተቆጣጣሪው ከዛሬ ጀምሮ በየጎጆው ይዞራል ይላል።

[ውጭ የሞተር ድምፅ ቀርቦ ይቆማል። የጎጆዋ በር ይንኳኳል።]

ሎርን፦ ኦርቪል፣ እባክህ ጎጆዋን «የኔ ናት» በልልኝ።

ኦርቪል፦ ያንተ ስም ተጽፎባት? [እየተነሳ] ቅጹን ገና አልላክኸውም አይደል? ቅጣት ለከፈለ ሰው ስንት እንደሚቀነስለት ፈልግ፤ እኔ ለሰውየው በሩን ልክፈትለት።