ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

በጭሮ ከተማ፣ በአንድ ሳሎን ጥግ፣ ከቡፌው አጠገብ የተካሄደው ታላቅ የኮምፒውተር ማሻሻያ ሥራ በስኬት መጠናቀቁን ለመመስከር የበቃሁት እኔ የሣራ እናት ነኝ። ሥራው ሲጀመር ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቃጠለም። እስካሁን።

ባለቤቴ አቶ ገመዳ በመሥሪያ ቤታቸው የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ናቸው። ቤት ውስጥ አንተ ነው የምለው፤ ጉዳዩ የልማት ስለሆነ ግን እዚህ አቶ እላቸዋለሁ።

የሥራው ዓላማ ግልጽ ነበር። ልጃችን ሣራ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው ተባለ። ልጄ ደግሞ ማውስ ይዛ አታውቅም። ወዲያው ታየኝ፦ ማውሱ ከእጇ ሲወድቅ፣ ልጄም አብራው ስትወድቅ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኳን እኔው ጋ ቁጭ ስትል።

«ተረጋጊ እንጂ፤ ችግሩን ወደ ዕድል እንቀይረዋለን» አሉኝ አቶ ገመዳ። ሂርና ሄደው፣ ከበድሪ የጥገና ሱቅ፣ በዕድሜ ሣራን የሚያስከነዳ ኮምፒውተር በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ምነው ደህና አጥተህ ነው?» አልኳቸው።

«ደህናውንማ ማንም ይገዛል። ይሄ ግን አቅሙ ይገነባል።»

አቅም ግንባታው ተጀመረ። ሳጥኑ ተፈታ፣ አቧራው በቀለም ብሩሽ ተጠረገ፣ ሜሞሪው ወጥቶ በላጲስ ተፈትጎ ተመለሰ። በምረቃው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ጂሬኛ መጥተው ጸለዩለት። አቶ ገመዳም ቆመው ንግግር ጀመሩ፦ «ይህ መሣሪያ የአንደኛውን ምዕራፍ መጠናቀቅ የሚያበስር ብቻ ሳይሆን፣ ለቀጣዩ ምዕራፍ ምቹ መደላድል የሚፈጥር...»

«አባዬ፣ አብራዋ!» አለች ሣራ።

በራ። አጨበጨብን።

እጄ እያጨበጨበ ዓይኔ ሌላ ነገር አየ። ለመፍታትና ለመግጠም እንዲመች ተብሎ የማሽኑ ጀርባ ወደ ሣራ ወንበር ዞሯል። ጀርባው ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ነፋስ ይወጣል፤ ነፋሱ በቀጥታ የልጄን አንገት ይመታል። ለዚያውም ፀጉሯን ታጥባ! ብርድ መትቷት ፈተናውን ተኝታ ስታሳልፈው ታየኝ። ከቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴሉን አነሳሁና ደራርቤ ቀዳዳውን አለበስኩት። አቶ ገመዳም አመሰገኑኝ። «ጎሽ! የጭሮ አቧራ ዋናው ተግዳሮታችን ነው» አሉ።

ሣራ ማውሱን ይዛ ጥቂት እንደተለማመደች ማሽኑ ድርግም አለ።

«አቅም አንሶታል» አሉ አቶ ገመዳ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ። እንዲህ ያለ ቆራጥ አመራር ነው አገር የጠፋበት። ከሂርና ትልቅ ፋን መጣ። ትልቁ ፋን የባሰ ነፈሰ፤ እኔም የድርሻዬን ልወጣ ብዬ ዳንቴሉን በነጠላ አሻሻልኩት። ጠፋ። ሜሞሪ ተጨመረ። ጠፋ። ሌላ ፋን ሲጨመርበት የመስኮቱ መጋረጃ ተወዛወዘ። ጋቢ አወጣሁ።

«እማዬ፣ ጋቢውን አንሺለት፤ ሞቆት ይሆናል እኮ!»

«ይሙቀው! አንቺን ከሚበርድሽ?»

«አባዬ፣ አንተ ንገራት!»

«እናትሽ ልክ ናት» አሉ አቶ ገመዳ። «በዕቅዳችን ላይ ሙቀት እንደ ችግር አልተለየም።»

ልጄ ምን ታድርግ? ፈተናው እየቀረበ፣ ማሽኑ በርቶ እስኪጠፋ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የመለማመጃ ጥያቄውን እያነበበች፣ መልሱን እየመረጠች፣ ቀጥል የሚለውን እየተጫነች በሩጫ ተለማመደች። ሲጠፋ ተነፈሰች፤ ሲበራ ትንፋሿን ያዘች።

በመጨረሻ በድሪ ራሱ ሚኒባስ ይዞ መጣ። ጋቢ የለበሰ ኮምፒውተር ለእንግዳ አይታይም፤ ነውር ነው። ጋቢውን አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በድሪ ምሳ በላ፣ ሻይ ደገመ፤ ማሽኑ እንደበራ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ ማሽን ምንም የለውም።»

«አንተን ፈርቶ ነው።»

«አቦ! ማሽን ሰው ይፈራል እንዴ?»

«እስቲ ሂድና እናያለን።»

ሄደ። ጋቢውን መለስኩ። በድሪ መናኸሪያ ሳይደርስ ማሽኑ ጠፋ። አቶ ገመዳ ስልኩን አንስተው «አላልኩህም?» ሲሉት፣ አገር ያቀኑ ነው የሚመስሉት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሹራብ ደራርቤ አልብሼ ላክኋትና የአዳራሹ በር ላይ ክፉውን ስጠብቅ ዋልኩ። ሣራ ከሁሉም ቀድማ፣ ብቻዋን ወጣች። ሮጬ ግንባሯን ዳሰስኩ።

«ምነው ልጄ? ብርድ መታሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ሌሎቹ ሳይወጡ?»

«ሳይጠፋ ልድረስ ብዬ ነዋ! ፈታኙ ‹ምን ያስቸኩልሻል?› አለኝ። ‹ሊጠፋ ነው› አልኩት። ‹አይጠፋም› አለኝ። እሱ የእኛን ቤት መች ያውቃል!»

ውጤት መጣ፤ ልጄ አለፈች። አቶ ገመዳ እሑድ በምእመናኑ ፊት ቆመው፣ ይህ ድል የፋኖቹና የተቀናጀ ክትትሉ ፍሬ መሆኑን አብራሩ። ስለ ጋቢው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ምስጋና ፈላጊ አይደለሁም።

አቶ ጂሬኛ በንግግሩ ተነክተው ተነሡ። «አቶ ገመዳ፣ እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችንንም ኮምፒውተር ያሻሽሉልን። የኳየሩ መዝሙር በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።» ጉባኤው አሜን አለ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሄጄ አየሁት። ከጀርባው ነፋስ ይወጣል፤ ኳየሮቹ ደግሞ ዘምረው ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ እዚያው አጠገቡ ነው የሚቀመጡት።

ለእሱስ አንድ ጋቢ አይበቃውም።