የቅዳሜው ጫካ አዛዥ

ረቡዕ ዕለት ክር ልገዛ ስወጣ በመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አንዲት ደግ ልጅ አየሁ። መድኃኒት ሻጯ ነች። የተሰለፈውን ደንበኛ ሁሉ ትታ ከመስኮቷ ጀርባ ወጣችና አንድ ጠና ያሉ ሰው ክንዳቸውን ደግፋ ደረጃውን አወረደቻቸው። ሰውየው በሌላው እጃቸው የደረጃውን ብረት ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንዱን እግራቸውን እንደ እንጨት እየጎተቱ ወረዱ። መሬት ሲረግጡ ክንዳቸውን ከእጇ መንጭቀው፣ «በይ ይህን ጫማ ቀይሪ! በዚህ ተረከዝ ወገብሽ ነው የሚያልቀው» አሏት። ልጅቷ ስቃ ተመለሰች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። የቅዳሜው ጫካ አዛዥ ናቸው።

ከተማ ዳር ጫካ ካለ አንድ አዛዥ አይጠፋውም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ሌላው ሰው አየር ሊቀበል ሲሄድ እሱ አየሩን ሊያከፋፍል ይሄዳል። ዛፎቹ የበቀሉት እሱ ከፈቀደ በኋላ ይመስለዋል።

የእኛው ክቡር አዛዥ ዕድሜ ልካቸውን የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን አስረከቡ እንጂ ኃላፊነቱን አላስረከቡም። ዛሬ ከመጨረሻው የአውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ በሙሉ በእጃቸው ነው። እኛ የሰፈር ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት እግራችንን ልናፍታታ ስንሄድ መግቢያው ላይ ያሰልፉናል። እንደ ጆንያ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥሩናል። ከዚያ የጫማ ምርመራ ይጀመራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉት አንድ ቀን የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ።

«ጫማ ነዋ ጋሼ። ትናንት የገዛሁት።»

«ጫማ? እኔ ዳቦህን ተጫምተህ የመጣህ መስሎኝ! ጫካ ቀልድ አያውቅም!»

ይህችን ቃል ካልተናገሩ ንግግራቸው አይዘጋም። አንድ ሰው ቢያስነጥሰው ጫካ ቀልድ አያውቅም። ውሃ ቢጠጣ ጫካ ቀልድ አያውቅም። እኔ ግን ጫካው ቀልድ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነኝ፤ ባያውቅማ እሳቸውን ከየት አመጣቸው?

ዳገት ላይ ማውራት ክልክል ነው። «ትንፋሽ በአፍንጫ!» ይላሉ፤ ይህንን የሚሉት ግን በአፋቸው ነው። እኛ እንደ ዲዳ ዝም ብለን ስንወጣ እሳቸው ድሮ በመጋዘናቸው ስለያዙት አይጥ እየተረኩልን ይወጣሉ። አይጧ በየሳምንቱ ትወፍራለች። ባለፈው ቅዳሜ ድመት አክላ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ወፍ ሲጮህ ሰምተው እጃቸውን አነሱ። «ይሄ የዝናብ ወፍ ነው። ከጮኸ ዝናብ አይቀርም» አሉ። ያን ቀን ፀሐይዋ አናታችንን ስትበሳው ዋለች። ስንመለስ አብራን የምትወጣው ነርስ፣ «ጋሼ፣ ዝናቡስ?» ብትላቸው፣ «ሌላ ቦታ እየዘነበ ነው» አሏት፤ ዓይናቸውን እንኳ አላሹም።

የማያውቁትም ሰው ከትእዛዛቸው አያመልጥም። ከመንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ፍቅረኛሞች ተደጋግፈው ተቀምጠዋል እንበል። አዛዡ አይተው አያልፉም። «ወገብ ቀጥ! እንዲህ ስትቀመጡ ሳንባችሁ ይታጠፋል!» ልጁ ደንግጦ «እሺ አባባ» ብሎ ቀጥ ሲል፣ ትከሻው ላይ የነበረችው ልጅ ልትወድቅ ነበር። አዛዡ ሁለት ሳንባ አድነው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ስለ አቋራጩም ሳልናገር አላልፍም። «ተከተሉኝ! ይህን ጫካ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አሉን። እውነትም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር መሰለኝ፣ ብቅ ያልነው የጡብ ፋብሪካ ቆሻሻ መጣያ ላይ ነው። ውሾች ተቀበሉን። ዳቦ ጋጋሪው ሱሪውን አጥሩ ላይ ትቶ ሊሄድ ትንሽ ቀረው፤ ልብስ ሰፊ ነኝና በኋላ የጠገንኩለት እኔው ነኝ። ውሾቹ ሲለቁን አዛዡ አቧራቸውን አራገፉና፣ «ሆን ብዬ ነው ያመጣኋችሁ። ከተማችሁን ከጀርባዋም እወቋት እንጂ!» አሉ።

ሕግም አውጥተውልናል። ከጫካው አናት ላይ የእሳት መጠበቂያ ማማ አለ። ማማው ጋ ቀድሞ የደረሰ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊት ሆኖ ይመራል፤ መጨረሻ የደረሰ የጋራውን ቦርሳ ይሸከማል። ሕጉ የወጣው እግራቸው እንደ ፍየል በነበረበት ዘመን ስለሆነ መሪነቱ ከእሳቸው፣ ቦርሳውም ከዳቦ ጋጋሪው ጀርባ ወርዶ አያውቅም። ውስጡ ፋሻ፣ ውሃና አንድ ወፍራም ገመድ አለ። ገመዱ ለምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። መልሱን መገመት አያቅታችሁም።

ሰሞኑን ደግሞ አዛዡ የዛፍ ሊቅ ሆነዋል። ዳገቱ ቀጥ ባለ ቁጥር «ቁሙ! ሰልፍ እንዳይበላሽ!» ብለው አንድ ግንድ ይደገፋሉ፤ ከዚያ ስለ ልጡ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ቅጠሉ ትምህርት ይሰጣሉ። ሜዳው ላይ ያሉት ዛፎች ምንም የሚነገርላቸው ነገር የለም። መጽሐፍ ማገላበጥ ስለምወድ ያሉትን ሁሉ ቤቴ ገብቼ አመሳከርኩት። አንድም እውነት አላገኘሁበትም። የወሬ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከረቡዕ ወዲህ ግን ገባኝ፤ ዛፉን የሚደገፉት ጉልበታቸው እንዳይታይባቸው ነው።

ሌሎቹ አልገባቸውም። ሐሙስ ዕለት ዳቦ ጋጋሪው ነርሷን አስከትሎ ሱቄ መጣ።

«ከነገ ወዲያ ቁሙ ቢል የሚቆም የለም» አለኝ። «በራሱ ሕግ! እሷ ቀድማ ትደርሳለች፣ እሷ ትመራናለች። ኋላ የቀረ ደግሞ ያውቃታል ቦርሳዋን። ያንን ገመድ በሱ ጀርባ ላይ ካላየሁ ዳቦ ጋጋሪ አትበሉኝ!»

«ኧረ ይከፋቸዋል» አለች ነርሷ።

«ይክፋው! የኔን ጀርባ ማን ጠየቀው?»

የስፌት መኪናዬን ረገጥኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሰውየው በዚያ እግር ቦርሳውን ከተሸከሙ ከዳገቱ አይወርዱም። መሪነቱን ካጡ ደግሞ ከናካቴው አይወጡም።

ያን ዕለት ስጸልይ እንደ ልማዴ የማመሰግንባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አነሳሁ። ጤናዬ ላይ ስደርስ አዛዡ ፊቴ ተገተሩ። ሐኪሙ ተራመድ ሲለኝ እሺ ብዬ ወደ ወንበሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። በሬን የቀጠቀጡት እሳቸው ናቸው፤ «አንባቢው! መጽሐፉ አይሸሽም፣ ውጣ!» እያሉ። ዳቦ ጋጋሪውም ሚስቱ ካረፈች በኋላ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ሁላችንም የምንለው ጠፋን። አዛዡ ግን ደጁ ላይ ቆመው፣ «ቦርሳ የሚሸከም ሰው አጣሁ እኮ! ምን ሆነህ ነው የተጋደምከው?» ብለው ጮኹበት። ተናዶ ወጣ። እስከ ዛሬም እንደተናደደ ነው፤ አንድም ቅዳሜ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት እሳቸው ራሳቸው ሱሪ ይዘው ሱቄ ከች አሉ።

«ይህን አሳጥርልኝ።»

«ይልበሱትና እዚህች በርጩማ ላይ ይውጡልኝ ጋሼ፣ ልለካው።»

በርጩማዋን ማማውን በሚያዩበት ዓይን አዩአት። «ተወው፣ ሱሪው ደህና ነው» ብለው ተቀመጡባት። «ስማ አንባቢው፣ ነገ ሊያድሙብኝ ነው» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብገባ ያ ሰውዬ ፈገግ አለልኝ! መቼ ፈግጎልኝ ያውቃል?»

«ታዲያ ነገን ቀርተው ቢያርፉስ?»

«ቀርቼ ምን ልሁን? አንድ ቅዳሜ የቀረ አዛዥ ሁለተኛ አያዝም። ቤት ተቀምጬ ወንበር ልዘዝ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብሄድ ደግሞ ሳነክስ ያዩኛል። ነርሷ ክንዴን ትይዛለች። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ያዝንልኛል። ዳቦ ጋጋሪው! ይታይህ እስቲ!»

«እኔ ምን ልርዳዎት?»

«አንክስልኝ።»

«እኔ? እግሬ እኮ ደህና ነው ጋሼ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ደህና ስለሆነ ነው የምለምንህ! በታመመ እግርማ ማን ያቅተዋል? ገና መግቢያው ላይ ትጀምራለህ። እኔ እቆጣሃለሁ። ከዚያ ‹ምን ይደረግ፣ ስለሱ ስንል ማማው ለዛሬ ይቅርብን፣ ቀስ እንበል› እላለሁ። ቀዳሚም የለ፣ ኋላ የቀረም የለ።»

«ዋሽ እያሉኝ ነው?»

«ዋሽ ወጣኝ? አፍህን ዝጋና እግርህን ጎትት ነው ያልኩት።»

«ፈጣሪ እግርንም ያያል እኮ ጋሼ።»

«ይይ! የኔንም ያያል። እሱ ካየው በቂዬ ነው። ነርሷ እንዳታየው ነው የምልህ።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ስለ እውነት የማውቀውን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ብዙ ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ የመጋዘን ቁልፍ የሚያስረክቡ ያህል አጎንብሰው ነበር።

«ቀኙን አንክስልኝ፣ እሺ ወንድሜ?» አሉኝ። «ግራው የኔ ነው። ሁለታችንም በአንድ እግር ካነከስን ያቺ ነርስ ትነቃብናለች።»